ከረመዷን እስከ ዐረፋ፦ ሲጋራን ለመተው አንድ ወር ለምን አልበቃም?

 

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬው የጁምዓ ትምህርታችን በላሊበላም፣ በላስታ ገጠሮችም፣ በወልዲያም ብዙ ቤት ስለገባ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሲጋራ።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። አጫሽ የሆነ ወንድማችን በረመዷን ከፈጅር እስከ መግሪብ፣ 13 ሰዓት ገደማ፣ ሲጋራ ሳይነካ ይውላል። ማንም አይጠብቀውም። ጓዳ ገብቶ ቢያጨስ የሚያየው አላህ ብቻ ነው። እሱ ግን አያጨስም። ይህንን 29 ወይም 30 ቀን ይደጋግመዋል። ከዚያ ዒድ ይደርሳል፤ ከዒድ ሰላት ሲመለስ ግን ሲጋራው እጁ ላይ ነው።

ለምን? አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንዱ «ኢማኑ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ሌላው «ሱስ ነው፤ ምን ያድርግ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሰውየውን ከመስጂድ ያርቀዋል። ሁለተኛው ደግሞ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ሁለቱም አይጠቅሙትም። ዛሬ በአላህ ፈቃድ የሳይንስ ሰዎች ስለ አንጎልና ስለ ትምባሆ ያገኙትን እናያለን፤ ከዚያም ዲናችን ከሰጠን መንገድ ጋር እናስተያየዋለን።

🔹 ዶፓሚን ምንድን ነው?

አላህ በአንጎላችን ውስጥ ከፈጠራቸው መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገሮች አንዱ ዶፓሚን ይባላል። ብዙ ሰው «የደስታ ንጥረ ነገር» ይለዋል። ተመራማሪዎች ግን ዋናው ሥራው ደስታ መስጠት ሳይሆን ማስተማር እንደሆነ ይናገራሉ። «ይህ ጠቅሞሃል፤ ተመልሰህ ፈልገው» ይላል። ረሃብ ሲይዘን ወደ ምግብ፣ ጥም ሲይዘን ወደ ውኃ የሚገፋን ኃይል አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ሱብሓነላህ፣ ያለ እሱ ከአልጋ መነሳትም ይከብደን ነበር።

ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉ ተመራማሪ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) በጦጣዎች ላይ ጥናት አድርገው ነበር። ጦጣው መጀመሪያ ጭማቂ ሲቀምስ የዶፓሚን ሕዋሳቱ ይነቃሉ። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ መብራት የሚበራ ከሆነ ግን ከጊዜ በኋላ ሕዋሳቱ የሚነቁት በጭማቂው አይደለም፤ በመብራቱ ነው። አንጎል ምልክቱን ተምሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን እንመለስ። የእሱ «መብራት» ምንድን ነው? የቡና ሽታ ሊሆን ይችላል። ጫት የተያዘበት ቤት፣ የጓደኛ ክብሪት ድምፅ፣ የቅዳሜ ገበያ ግርግር ሊሆን ይችላል። ለዓመታት በሲጋራ ያፈጠረ ሰው ከሆነ ደግሞ የመግሪብ አዛን ራሱ ምልክት ሊሆንበት ይችላል። ወደ ሰላት የሚጠራው ድምፅ አንጎሉ ውስጥ ወደ ሲጋራ የሚጠራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳዝን አስቡት።

ሌላም ነገር አለ። ኬንት በሪጅ የተባሉ ተመራማሪ «መፈለግ» እና «መውደድ» በአንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አሳይተዋል። ዶፓሚን ይበልጥ የሚያገለግለው መፈለግን ነው። ስለዚህ አንድ አጫሽ «ወላሂ እጠላዋለሁ፤ ግን መተው አቃተኝ» ሲላችሁ ውሸታም አትበሉት። ሰው የማይወደውን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል። ሐራራ ማለት ይህ ነው።

🔹 ጭሱ ምን ይሠራል?

ሰው ጭስ ሲስብ ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያም ዶፓሚን የሚለቁ ሕዋሳት ላይ ያሉትን ተቀባዮች ይነካል፤ ዶፓሚኑም ይለቀቃል። ይህ የሚሆነው ሰውየው ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ምንም የሚጠቅም ሥራ ሳይሠራ ነው። አንጎል ግን «ትልቅ ጥቅም አገኘሁ» ብሎ ይመዘግባል።

በዚህ አያበቃም። ሰውነታችን ሥራውን የጨረሰውን ዶፓሚን የሚያፈርስበት መንገድ አለው። ከዋነኞቹ አፍራሾች አንዱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ በ1996 አሜሪካ ውስጥ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ጆአና ፋውለርና ባልደረቦቻቸው የአጫሾችን አንጎል በምስል መርምረው ነበር። «ቢ» የሚባለው የዚህ ኢንዛይም ዓይነት በአጫሾች ላይ ከማያጨሱ ሰዎች በ40 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ይህን ያደረገው ኒኮቲኑ ሳይሆን በጭሱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው። እንግዲህ ሲጋራ በአንድ በኩል ዶፓሚኑን ያስለቅቃል፤ በሌላ በኩል የሚያፈርሰውን እጅ ይይዛል። ሲጋራ ሰውን አጥብቆ ከሚይዝበት ምክንያት አንዱ ይህ እንደሆነ ይታሰባል።

በዚያው ጥናት አንድ የሚያስደስት ነገርም ነበር። ማጨስ ያቆሙ ሰዎች የኢንዛይም መጠን እንደ አጫሾቹ አልነበረም፤ እንደማያጨሱት ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

🔹 የኢፍጣሯ ሲጋራ

ከደም ውስጥ ግማሹ ኒኮቲን ለመውጣት 2 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በ2 ሰዓት ግማሹ፣ በ4 ሰዓት ከቀረው ግማሹ እያለ ይሄዳል። በሱሑር ሰዓት ያጨሰ ሰው መግሪብ ሲደርስ ደሙ ውስጥ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ከዙህር በኋላ ራስ ምታቱ፣ ብስጭቱ፣ ሐሳብ መበተኑ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቤተሰብም «ጾሙ ከብዶታል» ይላል። ብዙ ጊዜ የከበደው ጾሙ አይደለም፤ ሲጋራው ነው።

ቀኑን ሙሉ ኒኮቲን ያልነካቸው ተቀባዮች ደግሞ እንደገና ንቁ ይሆናሉ። ስለዚህ የኢፍጣሯ ሲጋራ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አንጎልን አጥብቃ ታስተምራለች። አጫሹ «እፎይ አልኩ» ይላል። ይህ እፎይታ ግን በአብዛኛው ሲጋራ ራሱ ያመጣው ሕመም ለጊዜው መታገሱ ነው። የማያጨስ ሰው ያለ ምንም ሲጋራ ቀኑን ሙሉ እዚያ እፎይታ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ በቀን እየጾመ በየማታው የሚያጨስ ወንድማችን ሰላሳ ቀን ከሲጋራ አልራቀም። በየቀኑ 13 ሰዓት ራቀ፤ በየማታው ደግሞ ጠንካራውን ትምህርት ለአንጎሉ ሰጠ። ዒድ ላይ መመለሱ ሊያስገርመን አይገባም።

🔹 ሦስት ወር

እ.ኤ.አ በ2016 ጀርመን ውስጥ ሌና ራደማኸርና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ለዛሬው ትምህርታችን ዋናው ነው። 30 አጫሽ ወንዶችንና 15 የማያጨሱ ወንዶችን ወስደው አንጎላቸው ዶፓሚን የማምረት አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ በምስል ለኩ። የአጫሾቹ አቅም ከማያጨሱት ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ለማቆም የቻሉትን ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። አንጎላቸው ወደ ማያጨስ ሰው ደረጃ ተመልሷል።

ሌሎች ጥናቶችም ማጨስ ያበዛቸው የኒኮቲን ተቀባዮች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ አሳይተዋል። የጀርመኑ ጥናት የተሠራው በጥቂት ወንዶች ላይ ነው፤ ሦስት ወር ለሁሉም ሰው የተቆረጠ ቀጠሮ አይደለም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። አላህ ይህን አካል ሲፈጥረው ራሱን የሚጠግንበት አቅም ሰጥቶታል። የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ከአንድ ወር ይበልጣል።

ስለዚህ በረመዷን በእውነት አቁሞ በሸዋል መጀመሪያ ሐራራው የሚነሳበት ሰው «አልቻልኩም ማለት ነው» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ። ገና ሲሶው መንገድ ላይ ነው።

🔹 ዲናችን ምን ይላል?

ትምባሆ ሙስሊሙ ዓለም የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። የዚያ ዘመን ዑለማዎች ስለ ሑክሙ ተለያይተው ነበር፤ ጉዳቱ ዛሬ እንደሚታወቀው አልታወቀም ነበርና። ዛሬ ጉዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎችና የፈትዋ ተቋማት ሐራም ነው ብለዋል። መሠረታቸውም የታወቀ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራ ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል፤ በሱረቱን ኒሳእም ነፍሳችንን እንዳናጠፋ አዞናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም እንደማይፈቀድ አስተምረዋል። የጭሱ ጉዳይ ሁለቱንም ይይዛል፤ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚያጨስ አባት ልጆቹንም አብሮ ያስጨሳቸዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ፤ ሐራራውንና ድርጊቱን።

ሐራራ ሲመጣ ወንጀል አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አላህ ለዚህች ኡማ ነፍስ የምታወራውን፣ እስካልተናገረችውና እስካልሠራችው ድረስ፣ ይቅር እንዳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ሰላት ውስጥ ቆመህ ሲጋራ ትዝ ቢልህ «ሙናፊቅ ሆኛለሁ» አትበል። የአንጎልህ አሮጌ ምልክት ነው። ሐራራ መጥቶ የሚሄድ ነው፤ አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። የምትጠየቀው በእነዚያ ደቂቃዎች እጅህ ስለሚሠራው ነው። ሰብርም ማለት ይኸው ነው። እያንዳንዷ ሳታጨስ ያሳለፍካት ሐራራ ምንዳ ያላት ናት ኢንሻአላህ፤ በአንጎልህም ውስጥ ምልክቱን ታደክማለች።

ሁለተኛው ነገር ስለ እኛ ስለማናጨሰው ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ምክንያት ተደጋግሞ የሚቀጣ አንድ ሶሓባ ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ ሲረግመው ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል። ድርጊቱን አላጸደቁለትም፤ ሰውየውን ግን አልጣሉትም። እኛስ አጫሹን ወንድማችንን መስጂድ በር ላይ በዓይናችን የምንገርፈው ለምንድን ነው?

ቅጣት ብቻውን ሱስን እንደማይነቅል ታሪክም ይመሰክራል። የዑስማኒያው ሱልጣን ሙራድ 4ኛ እ.ኤ.አ በ1633 ትምባሆን እስከ ሞት በሚያደርስ ቅጣት ከለከለ። በአገራችንም አፄ ዮሐንስ 4ኛ በከባድ ቅጣት ከልክለውት ነበር። ትምባሆው ግን ከሁለቱም በኋላ ቆየ።

🔹 ለምን በላስታ?

እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች 5 በመቶው ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። አልሐምዱሊላህ፣ ቁጥሩ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። ትምባሆ ሻጮች ግን ይህን የሚያዩት እንደ ሰፊ ገበያ ነው። በዚያው ዓመት ጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በማግስቱ ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣው ደንበኛው ተመልሶ እንደሚመጣ ታምኖ ነው።

የኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ሁኔታ አለው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በላሊበላ ከፍታ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደም ላይ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ቦታውን ይቀማል። ዳገት ለሚወጣ፣ ሸክም ለሚሸከም፣ በበቅሎ ጎን እንግዳ ለሚሸኝ ሰው ይህ ትርጉሙ ቀላል አይደለም።

ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ የእንግዳው እግር ሲቀንስ ብዙ ወጣት ያለ ሥራ ተቀመጠ። ሥራ የፈታ ቀን ረጅም ነው። ቡናው፣ ጫቱ፣ ሲጋራው ይከታተላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ዶፓሚን የሚያስለቅቅ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲለመዱ አንዱ የሌላው ምልክት ይሆናል። ስለዚህ በወሎ ባህላችን ጫት ተይዞ በሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ እየተቀመጡ ሲጋራን ብቻ መተው በጣም ከባድ ነው። ሦስቱን ወር ቦታውን መራቅ ያስፈልጋል።

🔹 ከረመዷን እስከ ዐረፋ

እስቲ አላህ የሰጠንን ወቅቶች እንቁጠራቸው። ረመዷን፣ ሸዋል፣ ዙልቀዕዳ። ሦስት ወር! ከዚያ የዙልሒጃ አስሩ ቀናት። ከረመዷን 1 እስከ ዐረፋ ቀን 98 ቀን ገደማ ይሆናል። በየመካከሉ ደግሞ ጾም አለ።

1ኛ. ረመዷን፦ ኒያህ ከመጀመሪያው ቀን ለማታውም ይሁን። ቀኑን ከጾምክ ሌሊቱንም ከጭስ ጹም። በቴምርና በውኃ አፍጥር፤ ወዲያው ወደ መግሪብ ሰላት ሂድ፤ ከዚያ ተራዊሕ። ሕመሙ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ይቀላል። አዛኑ እንደገና የሰላት ምልክት ይሆናል ኢንሻአላህ።

2ኛ. ሸዋል፦ አደገኛው ወር ይህ ነው። ዒድ ላይ ከማን ጋር እንደምትውል አስቀድመህ ወስን። ስድስቱን የሸዋል ቀናት ጾም ቶሎ ጀምር። «አንዲት ብቻ» የምትለዋን ቃል ፍራ፤ ያረፉትን ተቀባዮች የምትቀሰቅሰው እሷ ናት።

3ኛ. ዙልቀዕዳ፦ ሐራራው አልፎ አልፎ ነው፤ ሰው ግን የሚዘናጋው ያኔ ነው። ሰኞና ሐሙስን፣ የወሩን 13፣ 14 እና 15 ጹም። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የዘወተረው እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

4ኛ. የዙልሒጃ አስሩ ቀናት፦ በዐረፋ ቀን ጹመህ፣ ከሲጋራ ነጻ ሆነህ ዱዓ አድርግ።

ሐራራ ሲመጣ ደግሞ ቦታህን ቀይር፤ ውዱእ አድርግ፤ ውኃ ጠጣ (ጾመኛ ካልሆንክ)፤ ተስቢሕ ቁጠር። የአንድ ፓኬት ዋጋ በ30 አባዛና ከወሩ መጨረሻ ላይ ለእናትህ ወይም ለየቲም ስጥ። የቂያማ ቀን ገንዘባችንን ከየት አምጥተን በምን ላይ እንዳዋልነው እንጠየቃለን።

መድኃኒት መፈለግም ከተወኩል ጋር አይጋጭም። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው መድኃኒት እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ጠይቁ። በጾም ወር ማስቲካው ከኢፍጣር በኋላ ይሁን፤ ስለሚለጠፈው ሸይኻችሁን ጠይቁ። ደግሞ ብትወድቅ፣ ተውባ አድርግና በዚያው ቀን ተነስ። የተውባ በር አልተዘጋም፤ አንጎልህም የተማረውን ሰብር ሁሉ አልረሳም።

🔹 ለቤተሰብና ለጀመዓው

እናቶችና ሚስቶች፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጣው ቢበዛ ሕመም መሆኑን እወቁለት፤ በዱዓም አግዙት። ኢማሞቻችን፣ ስለ ሲጋራ ስትናገሩ የሐራሙን ያህል መውጫውንም ንገሩን፤ በተለይ በሸዋል ጁምዓዎች። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ከአዋጁ በላይ ደግሞ ሪዝቅ በአላህ እጅ መሆኑን አትርሱ። ለጎረቤት ልጅ የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሸጠች እጅ አትሁን እጃችሁ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ትምባሆን ከጥንት ጀምሮ የሚጸየፉ ናቸውና በዚህ ነገር አብረን ልጆቻችንን መጠበቅ እንችላለን።

እናንተ ያቆማችሁት ደግሞ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩት። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ ሦስት ወር ታገስ» የሚል ቃል ከአንድ ኹጥባ በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ያ አላህ! በዚህ ሱስ የተያዙ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን አንተ አውጣቸው። ሐራራቸውን አቅልልላቸው፤ ሰብራቸውን አብዛላቸው። ለሥራ አጦቻችን ሐላል ሪዝቅ ክፈትላቸው። ላስታንም፣ ወሎንም፣ አገራችንንም ሰላም አድርግልን። አሚን።

ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሰላዋት ማብዛት አንርሳ። ይህን ትምህርት ለሚያስፈልገው አንድ ሰው አድርሱለት፤ በአደባባይ ስሙን ጠርታችሁ ሳይሆን በውስጥ መስመር፣ በፍቅር።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።